የግርጌ ማስታወሻውና መተማ፦ ኤንግልስ ስለ መደብ፣ ሥነ ምግባርና ሃይማኖት የሰጠው ፍርድ በምዕራብ ጎንደር ቆላ ታሪክ ሲመዘን

መግቢያ

ከጎንደር ወደ ሑመራ የሚወስደው መንገድ ደጋውን ለቆ በታች አርማጭሆ ሲወርድ ሳንጃን ያገኛል። ከሳንጃ በስተምዕራብ ቆላው እየሰፋ ሄዶ መተማ ላይ ከሱዳን ምድር ጋር ይገጥማል። ይህ አገር በታሪክ መጻሕፍታችን በአብዛኛው የሚነሣው ስለ አንድ ቀን ሲባል ነው። ቀኑም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የቆሰሉበት መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። ዛሬም ከተማይቱ መተማ ዮሐንስ ተብላ በስማቸው ትጠራለች።

ጦርነቱ ካለፈ ከአምስት ዓመት በኋላ በለንደን ይኖር የነበረው ጀርመናዊው ፈላስፋ ፍሬድሪክ ኤንግልስ ስለ ጥንታዊው ክርስትና ታሪክ አንድ ድርሰት ጻፈ። ድርሰቱ በ1894 «ዲ ኖየ ፃይት» በተባለው የጀርመን ሶሻሊስቶች መጽሔት መውጣት ጀመረ። በዚያ ድርሰት ግርጌ ኤንግልስ ስለ እስልምናና ስለ ካርቱሙ መሕዲ ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች አስፍሯል። ማስታወሻው አጭር ቢሆንም የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን ፍልስፍና ስለ መደብ፣ ስለ ሥነ ምግባርና ስለ ሃይማኖት ያቀረበው ሐሳብ በሙስሊሞች ታሪክ ላይ ሲተገበር ምን መልክ እንደሚይዝ በግልጽ ያሳያል። ከዚህም በላይ ፍርዱ የተሰጠው በእኛው ድንበር ላይ ስለ ነበረ ኃይል ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ አንድ ነው። የኤንግልስ ትንታኔ በመተማና በዙሪያዋ ባለው ቆላ ታሪክ ሲፈተን የቱ ይጸናል፣ የቱስ ይወድቃል? ዓላማችን ፈላስፋውን በሃይማኖት ስም መንቀፍ አይደለም፤ በተራማጅነት ስም ማወደስም አይደለም። ዓመታቱ ዓ.ም. ወይም ዓመተ ሂጅራ ተብሎ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ሐሳቡ የመጣበት መንገድ

የኤንግልስ ማስታወሻ በአንድ ቀን የተወለደ አይደለም። ሄግል ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ በ1837 በታተመው የታሪክ ፍልስፍና ትምህርቱ የዓለምን ታሪክ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ የነፃነት ጉዞ አድርጎ አቅርቦ ነበር። በዚያ አቀራረብ አፍሪካ ከታሪክ ውጭ ቀረች። እስልምና ደግሞ በአንድ አምላክ ፍቅር ተቃጥሎ በፍጥነት የተነሣ፣ በፍጥነትም ከታሪክ መድረክ የወረደ ኃይል ተባለ። ፎየርባኽ በ1841 ስለ ክርስትና ምንነት ባሳተመው መጽሐፍ ሰው አምላክ ብሎ የሚያመልከው የራሱን ባሕርይ ነው አለ። ማርክስ ከዚህ ተነሥቶ በ1844 ሃይማኖትን ከኦፒየም ጋር አነጻጸረ። በኋላ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ይህ ንጽጽሩ ብቻ ነው። ማርክስ ግን በዚያው ገጽ ሃይማኖት የእውነተኛ መከራ መግለጫ፣ በመከራውም ላይ የሚሰማ ተቃውሞ መሆኑን ጽፏል። ይህን ግማሽ ዘንግቶ ሌላውን ግማሽ ብቻ ማንሣት በደጋፊዎቹም በነቃፊዎቹም ዘንድ የተለመደ ሆኗል።

ኤንግልስ ራሱ ሃይማኖትን ያወቀው በመጽሐፍ ብቻ አልነበረም። የተወለደው ባርመን በተባለች የፋብሪካ ከተማ ነው፤ አባቱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለቤት ሲሆኑ ቤተሰቡም አጥባቂ ፕሮቴስታንት ነበር። ገና በ18 ዓመቱ፣ በ1839፣ ስለ ትውልድ ቦታው ባሳተማቸው ደብዳቤዎች እሑድ እሑድ በጸሎት የሚታወቁት የፋብሪካ ጌቶች በሥራ ቀን ሠራተኞቻቸውን ምን ያህል እንደሚያስጨንቁ አጋልጧል። እንግዲህ የባለጸጋ ሃይማኖተኛነት የጥቅም መሸፈኛ ነው የሚለው እምነቱ ከዚያ የልጅነት ትዝብት የመነጨ ነው። ትዝብቱ እውነት ነበር፤ ጥያቄው ለባርመን እውነት የሆነው ለመተማም እውነት ይሆናል ወይ የሚለው ነው።

በ1848 ማርክስና ኤንግልስ እስከ ዘመናቸው የነበረው የኅብረተሰብ ታሪክ ሁሉ የመደብ ትግል ታሪክ መሆኑን በማኒፌስቷቸው አወጁ። በዚያው ዓመት የቋራው ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በዚሁ የሱዳን ጠረፍ ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ተዋግተው በመድፍ ተሸነፉ። ሁለቱን ነገሮች የሚያገናኛቸው ዓመቱ ብቻ ነው። ሆኖም አውሮፓ ስለ መደብ ስትከራከር ይህ ቆላ በምን ጉዳይ ተይዞ እንደ ነበር ያስታውሰናል።

በ1853 ሁለቱ ወዳጆች ስለ ምሥራቅ ተጻጻፉ። ማርክስ የምሥራቁ ታሪክ የሃይማኖቶች ታሪክ መስሎ የሚታየው ስለ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ፤ ቁልፉም የመሬት የግል ይዞታ አለመኖር ነው ወደሚል መደምደሚያ ደረሰ። ኤንግልስ ከአርባ ዓመት በኋላ የጻፈው የግርጌ ማስታወሻ የዚህ ደብዳቤ ልውውጥ ፍሬ ነው ማለት ይቻላል።

ማስታወሻው ምን ይላል?

ሐሳቡን በራሳችን ቃል ስናጠቃልለው እንዲህ ነው። እስልምና በአንድ ወገን ለከተሜ ነጋዴና ባለ እጅ፣ በሌላ ወገን ለዘላን በደዊ የተስማማ ሃይማኖት ነው። ከተሜው ይከብራል፤ ሲከብርም በሸሪዓው ይላላል። በደዊው ድኻ ነው፤ ድኻ በመሆኑም ምግባሩ ጥብቅ ነው፤ የከተሜውንም ሀብት በቅናት ይመለከታል። በመጨረሻ በአንድ መሕዲ ሥር ተሰባስቦ ከሓዲ ያላቸውን ይቀጣል፣ ሃይማኖቱን ያድሳል፣ ንብረታቸውንም ይወርሳል። መቶ ዓመት ሲሞላ ግን እርሱም እንደ ቀደሙት ይላላል፤ ሌላ መሕዲም ይነሣል። ከአልሙራቢጦችና ከአልሙዋሒዶች ጀምሮ እስከ ካርቱሙ መሕዲ ድረስ የሆነው ይኸው ነው ይላል ኤንግልስ። እንቅስቃሴዎቹ የሃይማኖት ልብስ ቢለብሱም ምንጫቸው የኢኮኖሚ ጉዳይ ነው፤ ድል ቢያደርጉም የቀድሞውን የኢኮኖሚ ሥርዓት ሳይነኩት ይቀራሉ። በክርስቲያኑ ምዕራብ ግን በሃይማኖት ሰንደቅ የተነሣው አመፅ አሮጌውን ሥርዓት አፍርሶ ዓለምን ወደፊት ያራምዳል።

በዚህ አጭር ማስታወሻ ሦስት ሐሳቦች ተሰናስለዋል። አንደኛው የመደብ ነው፤ የሚጋጩት ባለጸጋ ከተሜና ድኻ ዘላን ናቸው። ሁለተኛው የሥነ ምግባር ነው፤ ጥብቅ ምግባር የድህነት ውጤት ነው። ሦስተኛው የሃይማኖት ነው፤ ሃይማኖት ልብስ እንጂ ሥጋ አይደለም። በላያቸው የተጫነው አራተኛው ደግሞ ምሥራቁ ይዞራል፣ ምዕራቡ ይራመዳል የሚለው የሄግል ውርስ ነው።

የኢብን ኸልዱን ጥላ

ይህን የሚያነብ የእስልምና ታሪክ ተማሪ ሁሉ ኢብን ኸልዱንን ማስታወሱ አይቀርም። በ1377 የተጻፈው «ሙቀዲማ» የበደዋንና የሐዷራን፣ የዘላኑንና የከተሜውን ሕይወት በማነጻጸር መንግሥታት እንዴት እንደሚነሡና እንዴት እንደሚያረጁ ተንትኗል። እርሳቸው ለአንድ ሥርወ መንግሥት የሰጡት ዕድሜ ሦስት ትውልድ፣ ማለትም ወደ 120 ዓመት ነው። የኤንግልስ መቶ ዓመትም ከዚህ አይርቅም። «ሙቀዲማ» በ1860ዎቹ በፈረንሳይኛ ተተርጉሞ ስለ ነበር ሐሳቡ በአውሮፓ ይታወቅ ነበር። የሁለቱን መመሳሰል ኧርነስት ጌልነርን የመሳሰሉ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሊቃውንት በሰፊው ተወያይተውበታል።

ሆኖም በሁለቱ መካከል መሠረታዊ ልዩነት አለ። በኢብን ኸልዱን ዘንድ ዘላኑን የሚያነሣው ቅናት አይደለም፤ ዐሰቢያ፣ ማለትም የወገን ትስስር ነው። ሃይማኖታዊ ጥሪም የዐሰቢያ ልብስ አይደለም። ጥሪው በወገን መካከል ያለውን ፉክክርና ምቀኝነት አስወግዶ ልቦችን ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚመልስ በዐሰቢያ ላይ ሌላ ኃይል ይጨምራል። በዚያው መጠን ዐሰቢያ የሌለው ሃይማኖታዊ ጥሪ እንደማይሳካም ያስጠነቅቃሉ። ከሁለቱ አንዱ የሌላው ጭምብል አልተደረገም። ኤንግልስ የዑደቱን ቅርጽ አስቀርቶ ከውስጡ ሃይማኖትን የራሱ ኃይል ያለው ምክንያት የሚያደርገውን ክፍል አወጣው። እንግዲህ መተማን የምንመረምረው ከሁለቱ የማንኛው ትንታኔ እንደሚሻል ለማየትም ጭምር ነው።

የመተማ ሰዎች እነማን ነበሩ?

መተማ፣ በሱዳኖቹ አጠራር ገላባት፣ የደጋው ቡና፣ ማርና ሰም፣ የቆላው ጥጥ፣ በሚያሳዝን ሁኔታም ባሪያ የሚለወጥባት የጠረፍ ገበያ ነበረች። ሕዝቧም በከተሜና በዘላን ለሁለት የሚከፈል አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹ ተክሩሮች ናቸው። ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ለሐጅ ተነሥተው፣ በየደረሱበት እየሠሩ ወደ መካ የሚጓዙ፣ ከመካም የሚመለሱ ድኾች ነበሩ። ብዙዎቹ በዚሁ ቆላ ቀርተው ጥጥና እህል አራሾች፣ ነጋዴዎችም ሆኑ። በራሳቸው ሸይኾች እየተዳደሩ ለኢትዮጵያም ለግብፅም ወገን ይገብሩ ነበር። ሁለተኛዎቹ ከዓባይ ዳር የመጡት ጀላባ ነጋዴዎች ናቸው። ሦስተኛዎቹ የጎንደር ጀበርቲዎች ሲሆኑ፣ በ1668 በተደረገው ጉባኤ ተለይተው እንዲኖሩ ከተወሰነባቸው ጀምሮ በአዲስ ዓለም፣ በእስላም ቤት፣ ሰፍረው የዚህን መንገድ ንግድ ይመሩ ነበር።

አራተኛዎቹ ስደተኞች ናቸው። በ1878 ከተካሄደው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ባወጡት ትእዛዝ የወሎ መሳፍንት ክርስትና ተነሡ፤ ሙሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተባሉ። ተራው ሕዝብ ከፊሉ ቀን በክርስትና ስም፣ ሌሊት በእስልምና ኖረ። ከፊሉ በእነ ሸይኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር መሪነት አመፀ። ከፊሉም አገሩን ለቆ ሄደ፤ ከጎንደርና ከአካባቢው የተሰደዱት ወደ መተማ ወረዱ።

እነዚህን አራት ወገኖች ይዘን ወደ ኤንግልስ ሐሳቦች እንመለስ።

መደብ፦ የሚጸናውና የሚጎድለው

የመሕዲውን እንቅስቃሴ ያለ ኢኮኖሚ መረዳት እንደማይቻል ሳንሸሽግ እንቀበላለን። ሙሐመድ አሕመድ ቢን ዐብደላህ በሰኔ 1881 በአባ ደሴት መሕዲነታቸውን ሲያውጁ ሱዳን ለ60 ዓመት ያህል በቱርክና በግብፅ አገዛዝ ሥር ነበረች። ግብሩ ከባድ ነበር፤ አሰባሰቡም በጅራፍ ነበር። የምዕራቡ ከብት አርቢዎች፣ በቃራዎች፣ ጥሪውን ሲቀበሉ ግብሩ እንደሚቀርላቸው ተስፋ ማድረጋቸው አያጠራጥርም። እስከዚህ ድረስ ኤንግልስ ልክ ነው።

ነገር ግን በቃራዎች የእንቅስቃሴው አንድ ክንፍ ብቻ ነበሩ። መሕዲው ራሳቸው ከጀልባ ሠሪ ቤተሰብ የተወለዱ የሱፊይ መንገድ ተማሪ እንጂ ዘላን አልነበሩም። የመጀመሪያ ተከታዮቻቸውም የመድረሳ ወንድሞቻቸው ነበሩ። ሦስተኛው ክንፍ የባሪያ ንግድ መታገድ ኑሯቸውን ያናጋባቸው ነጋዴዎችና ጀልባ ነጂዎች ነበሩ። በኤንግልስ ትንታኔ ነጋዴው የሚቀጣው ወገን ነው፤ በሱዳን ግን ብዙው ነጋዴ ከቀጪዎቹ ጋር ተሰለፈ።

የመተማው ማስረጃ ከዚህም ይጠነክራል። ተክሩሮች ድኾች ነበሩ፣ ሙስሊሞች ነበሩ፣ ከባዕድ አገዛዝ ሥርም ነበሩ። በመደብ ስሌት ለመሕዲው ጥሪ ከእነርሱ የቀረበ አይኖርም ነበር። ሆኖም አለቃቸው ሸይኽ ሷሊሕ ሻንጋ ከመሕዲዮቹ ጋር አልወገኑም። በሰኔ 1884 በተፈረመው የዓድዋ ውል መሠረት የግብፅ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ሲደረግ የገላባት ወታደሮች ከነቤተሰቦቻቸው በኢትዮጵያ ረዳትነት ወጡ፤ ሸይኹም ወደ ክርስቲያኑ ንጉሥ ግዛት ተጠጉ። በአንጻሩ ከጎንደር የተሰደዱት ሙስሊሞች፣ ብዙዎቹ ነጋዴዎች፣ በመሕዲዮቹ ጥላ ሥር ተጠለሉ። ድኻው ወደ ምሥራቅ፣ ነጋዴው ወደ ምዕራብ ተሰደደ። የእያንዳንዱን አቅጣጫ የወሰነው የሀብቱ መጠን አይደለም። ማን እንዳስጠለለው፣ ማን ቃሉን እንደ ጠበቀለት፣ ማን ሃይማኖቱን እንደ ነካበት ነው።

ሥነ ምግባር፦ ድህነት ወይስ ትምህርት?

ኤንግልስ ጥብቅ ምግባርን ከድህነት አወጣው። ኒቼ ደግሞ በ1887 ስለ ሥነ ምግባር የትውልድ ሐረግ በጻፈው መጽሐፍ የደካሞች ሥነ ምግባር ከቂም የመነጨ ነው አለ። ሁለቱ በብዙ ነገር የማይስማሙ ቢሆኑም በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ። የድኻው ጽድቅ ለሁለቱም ከሌላ ነገር የመጣ እንጂ ድኻው አስቦ የመረጠው አይደለም።

የመሕዲው ዐዋጆች ግን የሚያሳዩን የተማረና የታወጀ ሥነ ምግባርን ነው። ትምባሆና አስካሪ መጠጥ ከለከሉ፤ በለቅሶ ሙሾ ማውረድን አገዱ፤ የሠርግ ወጪና መህር እንዲቀነስ አዘዙ። የመህሩ መቀነስ ድኻውን እንደሚጠቅም ግልጽ ነው፤ በዚህ ላይ መደብና ምግባር ይገናኛሉ። ቢሆንም ዘላኑ ራሱ የሚወደውን ትምባሆ መከልከሉን በዘላኑ ድህነት ማስረዳት አይቻልም። የታዘዘው የከተሜውን ያህል እርሱም እንዲታረም ነበር። ተከታዮቻቸውም ደርቡሽ እንዳይባሉ ከልክለው የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ረዳቶች ስም፣ አንሷር የሚለውን፣ ሰጧቸው። የአማርኛው ታሪካችን ግን እስከ ዛሬ ደርቡሽ እያለ ይጠራቸዋል።

ሥነ ምግባር ከጥቅም በላይ ሆኖ የተፈተነበት ሌላ ሰዓትም ነበር። ኢትዮጵያን በሚመለከት መሕዲዮቹ የቆየ ጥያቄ ነበረባቸው። ሐበሾች ካልነኳችሁ አትንኳቸው የሚል ትርጉም ያለው ሐዲስ በአቡ ዳዉድ ስብስብ ይገኛል። በ615 ሶሓባዎች ወደ ሐበሻ ያደረጉት ሂጅራና የነጃሺ ውለታም ከዚሁ ጋር ይታወሳል። ከኦምዱርማን ለዐፄ ዮሐንስ የተላኩ ደብዳቤዎች የነጃሺን ምሳሌነት እያነሡ ንጉሡን ወደ እስልምና ጠሩ። የተከበረ ውለታ እንዲህ የጥሪ መሣሪያ ሆነ። በዚህ በኩል ደግሞ የቦሩ ሜዳው ንጉሥ ሙስሊም ዜጎቻቸውን በግድ ያጠመቁ መሆናቸው አይካድም። ሁለቱም ወገኖች አገርን ከአንድ ሃይማኖት ጋር እኩል አድርገው ነበር።

ሆኖም በ1888 መጨረሻ ዐፄ ዮሐንስ ለአሚር ሐምዳን አቡ ዐንጃ በላኩት ደብዳቤ ድኻው በከንቱ እንዳይተላለቅ፣ የጋራ ጠላት በሆኑት አውሮፓውያን ላይ መተባበር እንደሚሻል ጻፉ። ጣልያን ምጽዋን ከያዘ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። አቡ ዐንጃ መጀመሪያ እስልምናን ተቀበል ብለው መለሱ። በዚያ ሰዓት ጥቅም የሚያዘው ዕርቅን ነበር፤ የሁለቱም ሠራዊት ድኻም ዕርቁን ይሻ ነበር። ጦርነቱን ያመጣው ሃይማኖትን የለበሰ ጥቅም ቢሆን ኖሮ ጥቅሙ ራሱ ባስቀረው ነበር።

ሃይማኖት፦ ልብስ ወይስ ሥጋ?

የጦርነቱን ቅደም ተከተል በአጭሩ እናስታውስ። በጥር 1887 የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ገላባትን አጠቁ፤ የመሕዲዮቹ አሚር ሙሐመድ ወድ አርባብ ተገደሉ፣ ከተማይቱም ተቃጠለች። በጥር 1888 አቡ ዐንጃ ደንቢያ ገብተው ሳር ውኃ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አደረጉ፤ ጎንደር ተዘረፈች፣ አብያተ ክርስቲያናቷም ነደዱ። በጥር 1889 አቡ ዐንጃ ሲሞቱ አሚር ዘኪ ጠመል ተተኩ። መጋቢት 9 ቀን 1889 ዐፄ ዮሐንስ የመተማን የእሾህ አጥር ጥሰው ድል ሊያደርጉ ሲቃረቡ በጥይት ተመቱ፤ ጦራቸው ተፈታ። በማግስቱ ዐረፉ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ።

በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል በገላባት ሰፈር የሆነ አንድ ነገር ለጥያቄያችን ትልቅ ዋጋ አለው። በአቡ ዐንጃ ጦር ውስጥ አንድ ሰው ተነሥቶ እኔ ነቢዩ ዒሳ ነኝ አለ። መሕዲ ከመጣ በኋላ የዒሳ መውረድ ስለሚጠበቅ ከአሚሮቹ ጥቂት የማይባሉ አመኑት። ነገሩ በሞት ቅጣት ተገታ። ሃይማኖት የጥቅም ልብስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። እነዚያ አሚሮች ሥልጣንም ምርኮም ነበራቸው፤ አዲስ ነቢይ ሲያምኑ የሚያጡት እንጂ የሚያገኙት አልነበረም። የመሕዲዮቹ ትምህርት እውነት ነው ወይስ ስሕተት የሚለው የሌላ ጽሑፍ ጉዳይ ነው፤ ሰዎቹ ግን ያምኑት ነበር።

ኤንግልስ ስለ መተማ አንድም ቃል አለመጻፉ በአጋጣሚ አይመስለንም። ትንታኔው መሕዲውን የሚያየው ከሁለት ነገሮች አንጻር ብቻ ነው፤ ከዘላንና ከተሜ ግጭትና ከእንግሊዞች። ካርቱም በጥር 1885 መያዟንና የጎርዶንን መገደል አውሮፓ ሁሉ አወራው። ሁለት የአፍሪካ መንግሥታት፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሊቃውንት፣ የየራሳቸው የፍትሕ ሐሳብ ይዘው የተጋጠሙበት ጦርነት ግን በዚያ ሥዕል ውስጥ ቦታ የለውም።

ዑደቱና ክፉ ቀን

ድል ያደረገው ወገን አሮጌውን የኢኮኖሚ ሥርዓት ሳይነካ ይቀራል የሚለው ሐሳብ ደግሞ ለየብቻ መመዘን ያለበት ነው። መሕዲዮቹ የቱርኮቹን ግብር አንሥተው ዘካንና በይተል ማልን መሠረቱ። ነገር ግን በሰኔ 1885 መሕዲው ከሞቱ በኋላ ኸሊፋ ዐብዱላሂ ወገኖቻቸውን ተዓይሻዎችን ከምዕራብ ወደ ኦምዱርማን ሲያመጡ የዓባይ ዳር ገበሬ እህል ለእነርሱ ቀለብ ሆነ። አዲሱ ገዥ እንደ ቀድሞው ገዥ ሆነ የሚለው የኤንግልስ ፍርድ እዚህ ላይ ሚዛን ይደፋል፤ ኢብን ኸልዱንም ከእርሱ አምስት መቶ ዓመት በፊት ብለውታል።

በ1306 ዓመተ ሂጅራ ሱዳንን ረኃብ ወረሳት፤ ዓመቱም እስከ ዛሬ በሱዳኖች ዘንድ «የስድስት ዓመት» እየተባለ ይታወሳል። በገላባት የነበረው የዘኪ ጠመል ጦርም በረኃብ አለቀ። በዚህ በኩል የከብት እልቂትን ተከትሎ ክፉ ቀን የምንለው ዘመን መጣ። የደንቢያ ገበሬ በመሕዲዮቹም በወገን ጦርም ተበዝብዞ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በድንበሩ ወዲህና ወዲያ የተራበው አራሽ አንድ ዓይነት ሰው ነበር። ስለ መደብ ማሰብ ለእኛ ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። የነገሥታትና የአሚሮች ታሪክ የሚሸፍነውን ይህን ሰው እንድናይ ያስገድደናል።

ዑደቱ ግን አልተፈጸመም። የመሕዲው መንግሥት የወደቀው መቶ ዓመት ኖሮና ላልቶ ሌላ መሕዲ ተነሥቶበት አይደለም። መስከረም 2 ቀን 1898 ከረሪ ላይ በእንግሊዝና በግብፅ ጦር የማክሲም መትረየስ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ኢትዮጵያ ዓድዋ ላይ ተፈትና ነበር። ምዕራቡ ይራመዳል የተባለለት ዘመን ለዚህ አካባቢ የመጣው በጠመንጃ ነው።

ሐሳቡ ወደ ቆላው ሲመለስ

ከሰማንያ ዓመት በኋላ የጀርመን ፈላስፎች ሐሳብ በመጻሕፍትና በወጣቶች በኩል ወደዚሁ አገር ደረሰ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማርክስንና ኤንግልስን አነበቡ፤ መሬት ለአራሹ አሉ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞችና ደጋፊዎቻቸው በአዲስ አበባ ታላቅ ሰልፍ አድርገው የሃይማኖት እኩልነት ጠየቁ። ያን ሰልፍ በኤንግልስ ሚዛን የሚመዝን ሰው ይቸገራል። ጥያቄው በዓል እንዲከበር፣ ሙስሊሙ በአገሩ ሙሉ ዜጋ እንዲሆን ነበር፤ መሬትና ሥራም በውስጡ ነበሩ። ሃይማኖቱ የጥቅሙ ልብስ አልነበረም፤ ጥቅሙም የሃይማኖቱ ልብስ አልነበረም። ሰው ያለ ሁለቱም ክብሩ ስለማይሞላ ሁለቱን በአንድ ቃል ጠየቀ። ደርግ የእስልምና በዓላትን አወቀ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን ዐዋጅ አወጣ። በኋላ ግን የምእመናንን ኑሮ በኦፒየም ምሳሌ ብቻ የሚያይ ትምህርት ነገሠ። በ1977 ዓ.ም. መስከረም ወር አብዮቱ 10ኛ ዓመቱን ባከበረበት ጊዜ አካባቢ የማርክስ ሐውልት ከምሥራቅ ጀርመን በስጦታ መጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ቆመ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን እነዚያኑ መጻሕፍት ያነበቡ ብዙ ወጣቶች ከቀይ ሽብር ሸሽተው በአርማጭሆና በመተማ ቆላ በኩል ወደ ሱዳን ተሰደው ነበር። ተቀብሎ ያሳደራቸውም የድንበሩ ድኻ ነበር፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከትነው የምንደርስበት ይህ ነው። ኤንግልስ ግብርን፣ ምርኮንና የገዥን መለወጥ ከጦርነት በስተጀርባ እንድናይ ማስተማሩ ይጸናል። ድህነት ምግባርን ይወልዳል፣ እምነት የጥቅም ልብስ ነው፣ የሙስሊሙ ዓለም ይዞራል እንጂ አይራመድም የሚሉት ፍርዶቹ ግን የተክሩሩን ሸይኽ፣ የጎንደሩን ስደተኛ፣ የገላባቱን አሚር ሲያገኙ ይወድቃሉ። ኢብን ኸልዱን እምነትንና የወገን ትስስርን አንዱን የሌላው ጭምብል ሳያደርጉ አብረው መመዘናቸው ለዚህ ታሪክ የተሻለ መንገድ ሆኖ አግኝተነዋል።

ከዚህ በተቃራኒ ያለውንም ስሕተት መጥቀስ ይገባናል። መተማን የመስቀልና የጨረቃ ጦርነት ብቻ አድርጎ መተረክ በወዲህም በወዲያም የተለመደ ነው። ይህ አተራረክ የሸይኽ ሷሊሕን መጠጊያ ይረሳል፤ የንጉሡን የመጨረሻ የሰላም ደብዳቤ ይረሳል፤ የ1306ን ረኃብተኛም ይረሳል። ሃይማኖትን ልብስ ነው የሚለውም፣ ጦርነቱን ሃይማኖት ብቻ ነው የሚለውም ሰዎቹን ከነሙሉ ምክንያታቸው አያያቸውም።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በመተማ በኩል ስደተኞች እንደ ገና ወደ ኢትዮጵያ ይሻገራሉ። ከእነርሱ መካከል ባለጸጋ የነበረ ነጋዴ አለ፣ የቀን ሠራተኛ አለ፣ ዓሊም አለ። በዚያ ድንበር ላይ እያንዳንዱ የሚጠየቀው ጥያቄ የሸይኽ ሷሊሕና የጎንደሩ ጀበርቲ የተጠየቁት ነው። ማን ያስጠልለኛል? ቃሉንስ ማን ይጠብቅልኛል? የመተማ ታሪክ ለቀጣዩ ትውልድ ሲጻፍ ከዚህ ጥያቄ ቢነሣ ለእውነቱ የቀረበ ይሆናል ብለን እናምናለን።